እህቱን የሚፈልገው ምንጣፍ አጣቢ

አባቴ መናገር ካቆመ ስምንት ወር ሆነው። ጭንቅላቱ ውስጥ ደም ፈሷል አሉን ሐኪሞቹ። መጀመሪያ ቀኝ ጎኑን ያዘው፣ ከዚያ ምላሱን። እግሩስ በከዘራም ቢሆን እስከ በር ያደርሰዋል፤ ምላሱ ግን ሄደ። ውሃ ለመጠየቅ "ው… ው…" ብሎ ይጀምርና ፊቱ ደም ይመስላል፤ ከዚያ በግራ እጁ አየሩን ገፋ አድርጎ ይተወዋል። እናቴ "ግድ የለም፣ ገብቶኛል" ትለዋለች። የት ገብቷት! ውሃ ሲፈልግ ጋቢ ታለብሰዋለች፣ ጋቢ ሲፈልግ ሽንት ቤት ትወስደዋለች፤ እሱም እሺ ብሎ ይሄዳል።

የእኔ ጣጣ ሌላ ነው። እኔ፣ ሴት ልጁ፣ አባቴን ይቅርታ መጠየቅ ነበረብኝ። ከሃያ ዓመት በላይ ነበረብኝ፤ ዛሬ ነገ ስል አፉ ተዘጋ። በእኛ ቤት ደግሞ ይቅርታ የሚያልቀው በአፍ ነው። በዳይ ጉልበት ስሞ የበደለውን ይናገራል፤ የተበደለው "ይቅር ለእግዚአብሔር" ይላል፤ በቃ፣ ከዚያ በኋላ ነገሩ አይነሣም። ይህቺን ቃል ከአባቴ አፍ መስማት እፈልጋለሁ። ሌላ የምፈልገው የለኝም። ሳልሰማት እንዳይሞት ነው ፍርሃቴ፤ እውነቱን ልናገርና፣ ብዙም ተስፋ የለኝም።

ምን እንደበደልሁት ለመናገር ሥራውን መናገር አለብኝ፤ ሥራውን ለመናገር ደግሞ የእንግሊዞችን ቂጥ ማንሣቴ ግድ ነው። አንባቢ አይቀየመኝ፣ ማለዘቢያ ቃል ፈልጌ አጣሁ።

አባቴ የቪዲዮ ቤት ተርጓሚ ነበር። ልጅ ሆኜ ጎንደር ውስጥ ከፒያሳ ወረድ ብሎ አንድ ባለ ቆርቆሮ ጣሪያ ክፍል ነበር፤ አግዳሚ ወንበሮች፣ ቁም ሣጥን ላይ የተቀመጠ ቴሌቪዥን፣ ከአጠገቡ በርጩማ ላይ ማይክ የያዘ አባቴ። ፊልሙ በፈረንጅ አፍ ይንጫጫል፤ እሱ በላዩ በአማርኛ ያወራል። የሕንዱንም የካራቴውንም ይተርክ ነበር። ስም ያወጣው ግን በእንግሊዞቹ አሮጌ ኮሜዲዎች ነው። በፈረንጅ አቆጣጠር በሰባዎቹ በርካሽ ተሠርተው፣ አገራቸው እንኳ ሲሰለቻቸው፣ በመተማ በኩል ይሁን በሌላ እንዴት ጎንደር እንደደረሱ ማንም የማያውቃቸው ካሴቶች ነበሩ።

ፊልሞቹ ሁሉም አንድ ናቸው። አንድ የዋህ መሳይ ሰውዬ የሆነ የእጅ ሥራ ይዞ ከቤት ቤት ይዞራል። በር ሲያንኳኳ ፎጣ ያገለደመች ሴት ትከፍትለታለች። ፎጣው ይወድቃል። ባል ይመጣል። ሰውዬው ሱሪውን ታቅፎ በመስኮት ይዘላል፤ ቂጡን እናያለን፤ ዝናብ ይዘንባል። አለቀ። ይኸው ነው።

ከሁሉም የሚወደደው ምንጣፍ አጣቢው ነበር። በአባቴ አፍ ያ ሰውዬ ሴት አሳዳጅ አይደለም። አንዲት እህቱን በክፉ ቃል አስቀይሞ ከቤት ያስወጣ፣ እሷም ለንደን ገብታ የጠፋችበት ምስኪን ነው። ምንጣፉ ሰበብ ነው፤ ቤት ለቤት የሚዞረው እህቱን ፍለጋ ነው። ሴቶቹ ታዲያ ምነው ፎጣ አገለደሙ? ከጠበል መመለሳቸው ነዋ! "ይቺም በሽተኛ ናት፤ ተጠምቃ መግባቷ ነው፤ እህትህን አላየኋትም አለችው" ይላል አባቴ፤ ክፍሉ በሙሉ ከንፈሩን ይመጥጣል። አልጋ ላይ ሲንከባለሉ ሕመሟ ተነሥቶባት እያስታመማት ነው። ባልየው ሲገባ "ወንድሟ ነው፤ ማን ነህ እንኳ ሳይል ቡጢ ሰነዘረ፤ እንዲህ ያለ ችኩል!" ይላል። ሰውዬው ራቁቱን ሲሮጥ "እህቱን በመስኮት ያያት መስሎት ልብሱን ሳያደርግ ወጣ" ይላል፤ ሰው "ወይ እህት! ወይ የእናት ልጅ!" እያለ ደረቱን ይመታል።

መጨረሻው ላይ ሰውዬው ሽርጥ የታጠቀች አንዲት ወፍራም ሴት ፊት በጉልበቱ ይወድቃል። አባቴ እዚህች ጋ ድምፁን ዝቅ ያደርጋል። እህቱ ተገኘች። "እህቴ፣ በክፉ ቃል በሰው ፊት አዋርጄሻለሁ፤ ይቅር በይኝ" ይላል ሰውዬው። "ይቅር ለእግዚአብሔር" ትለዋለች። ስንት ጊዜ አይተነዋል፤ ስንት ጊዜ አልቅሰናል!

ቅዳሜ ገበያ የሚመጡ ገበሬዎች ሸቀጣቸውን ጨርሰው ወደ ዳባትና ወደ ደባርቅ ከመመለሳቸው በፊት ሳያዩት አይሄዱም ነበር። አባቴን "አያ ተርጓሚው" ነበር የሚሉት። ጭጋጉን፣ ጭቃውን፣ ካፖርት ለብሶ የሚንቀጠቀጠውን ሰው እያዩ "ይህስ ደባርቅ ነው እንጂ ምኑ ውጭ አገር ነው" ይላሉ። እናቴ አንድ ቀን "አንተ፣ እውነት ግን እንዲህ ነው የሚባባሉት?" ብላ ጠየቀችው። እንግሊዝኛ እንደማያውቅ እሷም ታውቃለች። "ዓይን የለኝም እንዴ? የሚሠሩት ጠፋኝ? እዚያ የሚቀመጠው የሰው እናት ነው፤ የሰው ልጅ ነው" አላት። እኔ ከጓዳ እሰማ ነበር። ሰምቼውም ያደረግሁትን አደረግሁ።

ዩኒቨርሲቲ ገባሁ፤ እንግሊዝኛ። አንድ ዓመት ተምሬ ለክረምት ስመለስ መሬት አልበቃችኝም። አንድ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ቪዲዮ ቤቱ ጢም ብሎ ሞልቶ ምንጣፍ አጣቢው ተከፈተ። ጆሮዬ ለመጀመሪያ ጊዜ የእንግሊዞቹን አፍ ለየ። አባቴ "ጠበሉ ተሻለሽ ወይ ብሎ ጠየቃት" ሲል ከኋላ ብድግ አልሁ። "ውሸት ነው! እንደሱ አላለም!" አልሁ።

ሰውዬው ያለውን ተረጎምሁት፤ ቃል በቃል። እዚህ አልደግመውም፤ ስለ አልጋ ነው፣ ስለ መቸኮል ነው። ጎረምሶቹ አዳራሹን በሳቅ አናወጡት። "ጨምሪ! ጨምሪ!" አሉኝ። ጨመርሁ። ምን ነካኝ? አጨበጨቡልኝ፤ ሌላ ምንም አልነካኝም። ሴቶቹ ነጠላቸውን ወደ ፊታቸው ሳቡ። አንድ ሽማግሌ ገበሬ ተነሥቶ ወደ አባቴ ዞረና "ታዲያ ይህን ሁሉ ዘመን ስታስለቅሰን የነበረው ምነው?" አለው። በቁጣ አይደለም፣ ሊያውቅ ፈልጎ ነው። አባቴ ማይኩን ቴሌቪዥኑ ላይ አስቀመጠ፤ በርጩማውን ወደ ግድግዳው አስጠጋ፤ ወጣ። እኔ የቀረውን እየተረጎምሁ ቆየሁ።

ከዚያ ወዲያ ማይክ አልጨበጠም። የትምህርት ቤት ዘበኛ ሆነ። አልተቆጣኝም፤ "ልጄ፣ ምነው?" እንኳ አላለኝም። ብቻ ወሬ ቀነሰ። ከገበያ ሲመለስ ያየውን ሰው አካሄድ እያስመሰለ ቤቱን በሳቅ የሚገድል ሰው፣ "ደህና ዋላችሁ" ብሎ መቀመጥ ሆነ ሥራው። እኔ ደግሞ ተመረቅሁ፤ ሁለተኛ ዲግሪ ያዝሁ፤ እዚሁ ዩኒቨርሲቲ፣ ማራኪ ግቢ፣ እንግሊዝኛ አስተማሪ ሆንሁ። ስለ ትርጉም ጥራት አስተምራለሁ፤ ይታያችሁ!

በየዓመቱ የዐቢይ ጾም ቅበላ ጉልበቱን እስማለሁ። "አውቄም ሳላውቅም የበደልሁህን ይቅር በለኝ" እላለሁ፤ "ይቅር ለእግዚአብሔር" ይለኛል። ይህንን ለጎረቤቱም ይለዋል፤ በዓመት ሁለት ቀን ለሚያየው የእህቱ ልጅም ይለዋል። የዚያን ቅዳሜ ነገር ግን አንሥቼው አላውቅም። አውቄም ሳላውቅም! ምን ሳላውቅ አለው? አውቄ ነው እንጂ። ከዚያች ለሁሉ ከምትሆን ቃል ኋላ ተደብቄ ሃያ ምናምን ቅበላ አለፈ።

ሲታመም ግን መደበቂያው ጠፋ። ከሆስፒታል በወጣ በሳምንቱ አልጋው አጠገብ ተንበረከክሁ፤ ሁሉንም ተናገርሁ፤ ቅዳሜውን፣ ጭብጨባውን፣ "ጨምሪ" ሲሉኝ መጨመሬን። ከንፈሩ መንቀሳቀስ ጀመረ። "አባታችን ሆይ" አለ፤ ከዚያ አንዲት ቃል ሳያደናቅፈው እስከ አሜን አወረደው። በመካከሉ ስለ ይቅርታ የሚለው ቦታ ላይ ሲደርስ ዓይኑን አየሁት፤ ለእኔ ይሁን ለጸሎቱ ለማወቅ። ምንም አይታይም። "አባዬ፣ ለእኔ ነው?" አልሁት። እንደገና ከመጀመሪያው ጀመረው። ወጥቼ አለቀስሁ።

ሆስፒታል እጅ እግሩን የሚያሠራው ባለሙያ ይህ ያለ ነው አለኝ። አስቦ የሚናገረው ቢጠፋም ለዓመታት በቃሉ ሲለው የኖረው ሊተርፍ ይችላል፤ ጸሎት፣ ዘፈን፣ ቁጥር። "ሌላ ሲደጋግመው የኖረው ነገር የለም?" ብሎ ጠየቀኝ። አለ እንጂ አልሁ በልቤ። አለ፤ የገደልሁት እኔ ነኝ።

ተቋርጦ የከረመው ኢንተርኔት ሲመለስልን ፊልሙን መፈለግ ጀመርሁ። ርእሱን አላውቀውም፤ አባቴ "ምንጣፍ አጣቢው" ነበር የሚለው። እናም አርባ አምስት ዓመት ያለፈኝ መምህርት ቢሮዬን ቆልፌ፣ በምሳ ሰዓት፣ የእንግሊዞችን ቂጥ አንድ በአንድ መገምገም ያዝሁ። አንድ ቀን የሥራ ባልደረባዬ በሩን ሲያንኳኳ ላፕቶፑን ጠርቅሜ ስከፍት ፊቴ ምን ይመስል እንደነበር እንጃ፤ "ምነው፣ መርዶ መጣ እንዴ?" አለኝ።

መርዶም ነበር። እነዚያ ፊልሞች ሲያዩዋቸው ያሳዝናሉ። ሦስት የተለያዩ ቤቶች ተብሎ አልጋው ያው አንድ አልጋ ነው፤ መጋረጃው ያው አንድ መጋረጃ። ፎጣ ያገለደመችው ልጅ ክንዷን ብርድ ወርሮት ይታያል፤ እየሳቀች ትንቀጠቀጣለች። ማንም ማንንም አይወድም። ማንም ማንንም አይፈልግም። ይቸኩላሉ፣ ይደነግጣሉ፣ ይሮጣሉ፤ ያን ሁሉ ልብስ አውልቀው አንድ ቁም ነገር አይነጋገሩም። አባቴ ቋንቋው ሳይገባው ይህን አይቶ ኖሯል። አዘነላቸውና እህት ሰጣቸው። እኔ እንግሊዝኛ አውቄ ነጠቅኋቸው።

በሦስተኛው ሳምንት አገኘሁት። ያ ሰውዬ፣ ያቺ ቢጫ መኪና፣ ያቺ ባለ ሽርጥ ሴት። መጨረሻውን ለብቻው ደጋግሜ ሰማሁት። ሰውዬው በጉልበቱ የወደቀው ሱሪውን ከጠረጴዛ ሥር ሊፈልግ ነው።

እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ሚኒባስ ይዤ ቀሐ ሰፈር ወላጆቼ ቤት ወረድሁ። አባቴን በትራስ ደግፈን አስቀመጥነው፤ እናቴ ከጎኑ። ላፕቶፑን በርጩማ ላይ አደረግሁና ከፈትሁ። ቢጫዋ መኪና ስትታይ አባቴ ወደ ፊት ተሳበ። ከንፈሩ ተንቀጠቀጠ። ጠበቅሁ። የመጀመሪያው በር ተከፈተ፤ ፎጣው ወደቀ፤ እናቴ "በስመ አብ" ብላ አማተበች፤ አባቴ ምንም አላለም። ሁለተኛው በር፤ ምንም። "አባዬ፣ ምን አለችው? እህቱን አይታታለች?" አልሁት። ዓይኑን ወደ እኔ መለሰ፤ ከዚያ ወደ እጆቹ። ሞኝ ነኝ አልሁ፣ ከጅል ጅል ነኝ።

ያን ጊዜ ጎረቤት ከውጭ "ውሃ መጣ!" ብላ ጮኸች። ከመጣ አሥር ቀኑ ነበር። ወደ ግቢው ወጥቼ የቧንቧውን ጎማ ጀሪካን ውስጥ ከትቼ፣ እየሞላሁ፣ ቁጭ ብዬ ተስፋዬን እየቆረጥሁ ሳለ ድምፅ ሰማሁ።

"ይቺም በሽተኛ ናት፤ ተጠምቃ መግባቷ ነው…"

የአባቴ ድምፅ ነው። የበርጩማው፣ የማይኩ ድምፅ፤ ሳይንተባተብ፣ ሳይሰበር። እናቴ "እሰይ! እሰይ የኔ ጌታ!" ትላለች። ጎማውን ጥዬ ሮጥሁ። በሩን ስከፍት ቃሉ መሃል ላይ ቆመ። እናቴ እንባዋ እየወረደ "ሰማሽው? ሰማሽው?" አለችኝ። አባቴ አፉን ገጥሞ እጁን ጉልበቱ ላይ አድርጎ ተቀምጧል። "ቀጥል አባዬ፣ በሞቴ ቀጥል" አልሁት። "ው…" አለ፤ ፊቱ ቀላ።

ወጣሁ። ትንሽ ቆይቶ ድምፁ ተመለሰ፤ "ወንድሟ ነው፤ ማን ነህ እንኳ ሳይል…" ገባሁ፤ ቆመ። ወጣሁ፤ ቀጠለ። ሦስተኛው ላይ ለመግባት ድፍረት አጣሁ። አባቴ ንግግር አለው። ለእናቴ አለው፣ ለላፕቶፑ አለው፣ ለእንግሊዞቹ አለው። እኔ ባለሁበት ግን የለውም። ይህንን አስቦ የሚያደርገው አይደለም፤ ያ ቢሆንማ በተሻለኝ፣ ቂም ነው ብዬ በለመንሁት። ሳያስበው፣ ከውስጡ፣ እኔን ሲያይ ይዘጋል። ለስንት ዓመት እንደተዘጋ አሁን ገባኝ።

አንድ ነገር ብቻ ቀርቶኛል አልሁ። መጨረሻው። "ይቅር ለእግዚአብሔር" የምትለዋን ቃል ከበር ኋላ ሆኜ እጠብቃታለሁ፤ ስትመጣ ገብቼ ጉልበቱ ሥር እወድቃለሁ፤ ለማንም ይበላት፣ እኔ ተንበርክኬ እቀበላታለሁ። ስርቆት ከሆነም ይሁን። ግድግዳውን ተደግፌ ቆምሁ። በአባቴ ድምፅ ሩጫው አለፈ። ከመጨረሻው በፊት የሚመጣው የእንግሊዞቹ ቄስ ሻይ ጠጣ። አባቴ ድምፁን ዝቅ አደረገ።

"እህቴ፣ በክፉ ቃል በሰው ፊት አዋርጄሻለሁ" አለ። "ይቅር በይኝ።"

እስከ ቃሏ መጠበቅ አቃተኝ፤ በሩን ገፍቼ ገባሁና ወደቅሁ። ጉልበቱን ያዝሁ። "ይቅር በለኝ አባዬ" አልሁ።

ቀና ብዬ አየሁት። ፊቱ ላይ ቁጣ የለም፤ ቦታ እንደሚለቅ እንግዳ ያለ ትሕትና ነው ያለው። ግራ እጁን አነሣና ወደ ስክሪኑ ጠቆመ፤ ከዚያ ወደ እኔ። አንቺ ንገሪን ማለቱ ነው። የምታውቂው አንቺ ነሽ።

"በይ ንገሪን እንጂ" አለች እናቴ፣ ዓይኗን ከላፕቶፑ ሳትነቅል። "ምን አለችው? እህትየዋ ምን አለችው?"

ሴትዮዋ ያለችውን ሰምቻለሁ። ሱሪህን ውሻው ይዞት ሄደ ነው ያለችው። አፌን ከፈትሁ። አባቴ እየጠበቀ ነው፤ እናቴ እየጠበቀች ነው።

"ይቅር ለእግዚአብሔር አለችው" አልሁ።

ከእኔው አፍ ወጣች።

"ተመስገን፣ ታረቁ!" አለች እናቴ፤ ዓይኗን በነጠላዋ ጠረገች። እኔ እንደተንበረከክሁ ነኝ። አባቴ ዓይኑን ከስክሪኑ አላነሣም።